ቅርሱን የምታነብ መርፌ፣ ቅርሱን የምትፍቅ መርፌ

ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ «ወርቃማ ዘመን» ክርክር በተነሣ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች ይደጋገማሉ። የዘፈኑ ባለቤት ማን ነው? ከዘፈኑ የተገኘው ገንዘብ የት ገባ? ሸክላውስ ለምን በውጭ አገር ሰብሳቢ ሻንጣ ተጭኖ ወጣ? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። አራተኛው ግን ሲነሣ አይሰማም፦ አገር ውስጥ የቀረው ሸክላ በምን ዓይነት መርፌ እየተጫወተ ነው?

ጥያቄው ሲሰሙት የባለጸጋ መዝናኛ ይመስላል። ኑሮ በተወደደበት፣ ሰው የዳቦ ዋጋ በሚያሰላበት ጊዜ ስለ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ያየ ግን ጉዳዩ የቅንጦት ሳይሆን የጥበቃ መሆኑን ይረዳል። የብራና መጽሐፍ በዓይን ይነበባል፤ መቶ ሰው ቢያየው ፊደሉ አይጠፋም። ሸክላ ግን የሚነበበው በድንጋይ ነው። በአልማዝ ጫፍ የተበጀች መርፌ ለስላሳው ፕላስቲክ ላይ እየተጎተተች ታነበዋለች። መርፌዋ ደኅና ከሆነችና በትክክል ከተቀመጠች ሸክላው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ያረጀች ወይም የተንጋደደች ከሆነች ግን የምታነበውን ነገር እያነበበች ትፍቀዋለች። የተፋቀው ደግሞ አይመለስም።

በሸክላው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን ካስቀዱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እነዚያ ሸክላዎች በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ፣ ከእጅ ካመለጡ እንደ ገንቦ የሚሰበሩ ነበሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። በሕጉ መሠረት ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ ያንን ተዳፍሮ ዘፈኖቹን አስቀዳ፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ ኋላም ሊባኖስ እያሳተመ አስገባቸው። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። በአሊ ታንጎ ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሬከርድስ የራሱን ድርሻ አበረከተ። ፊሊፕስም በዚያው ገበያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ፤ የሸክላ ዘመን አበቃ።

ዓለም ይህን ሙዚቃ ያወቀው ዘግይቶ ነው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ታተመ። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ እትም እየወጣ ስሙን በዓለም ዙሪያ አደረሰው። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ ያልሰማ ሁሉ ሰማ። ዛሬ የዚያ ዘመን አንዳንድ ነጠላ ሸክላዎች በሰብሳቢዎች መካከል በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ።

ነገር ግን በድጋሚ የታተመው ከተዘፈነው ሁሉ የተወሰነው ነው። የቀረው ያለው በየቤቱ ሳሎን፣ በየቁም ሳጥኑ፣ መርካቶ ባሉ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ፣ ከአገር ሲወጡ ሸክላቸውን በሻንጣ ይዘው በሄዱ የዋሽንግተንና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ቤት ነው። በስቱዲዮ የተቀዳው ዋናው ቴፕ የጠፋበት ዘፈን ሁሉ ዋና ቅጂው ያው ሸክላ ነው። ከእርሱ በላይ የሚሄዱበት ምንጭ የለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ይህ ዋና ቅጂ ብዙ ቤት ውስጥ በአምስት ግራም ክብደት በሚጫነው ርካሽ የሻንጣ ማጫወቻ እየተጫወተ ነው። በየካፌውና በየሆቴሉ ለጌጥ በተቀመጡ ማጫወቻዎችም ላይ ስንት ዓመት እንዳገለገለች የማይታወቅ መርፌ ትሽከረከርበታለች።

መርፌዋ እንዴት ትሠራለች?

በሸክላው ገጽ ላይ ያለው ቦይ ከፀጉር የቀጠነ ነው። በቦዩ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ድምፁ እንደ ሞገድ ተቀርጿል። መርፌዋ ቦዩን ተከትላ ትርገበገባለች፤ የያዛት ቀጭን ዘንግ አብሮ ይርገበገባል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለው ማግኔት ወይም የሽቦ ጥቅል ንቅናቄውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ካርትሪጅ በምትባለው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማትበልጥ ዕቃ ውስጥ ነው። ከእርሷ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ፣ አምፕሊፋየሩም ድምፅ ማጉያውም ኮምፒውተሩም፣ እርሷ ያላነበበችውን ሊፈጥር አይችልም። ተሳስታ ያነበበችውንም ሊያርም አይችልም።

በመርፌዋ ላይ የሚያርፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ግራም ተኩል እስከ ሁለት ግራም ተኩል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ክብደቱ የሚያርፍበት ነጥብ በዓይን የማይታይ በመሆኑ ግፊቱ በካሬ ሴንቲሜትር ሲሰላ በቶን ይቆጠራል። የመርፌዋ ጫፍ ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ፕላስቲኩ ይህን ይችለዋል። ጫፏ በልቶ ስለት ሲያወጣ ግን መርፌ መሆኗ ቀርቶ መሮ ትሆናለች። አምራቾች ለአልማዝ መርፌ የሚሰጡት ዕድሜ በአብዛኛው ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያጫውት ካፌ ይህን ዕድሜ ከአንድ ዓመት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል።

ውዱ ሁሉ ደኅና አይደለም

ካርትሪጅ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው የሚያየው ዋጋ ያስደነግጣል። ከመቶ ዶላር በታች አለ፤ ከ10 ሺህ ዶላር በላይም አለ። በዓለም ያሉ የድምፅ አፍቃሪዎች በጃፓን ባለሙያዎች እጅ የሚሠሩትን፣ አካላቸው ከከበረ ድንጋይ የተፈለፈለውን ካርትሪጆች እንደ ጌጥ ያወራሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ግነትም አለ። እውነቱ፣ በጥንቃቄ የተቆረጠ አልማዝ በተራው ጫፍ የማይነበበውን ረቂቅ ድምፅ ማንበብ መቻሉ ነው። ግነቱ፣ ዋጋው ብቻውን ድምፅ ያመጣል የሚለው እምነት ነው። በተንጋደደ ክንድ ላይ የታሰረ የ5 ሺህ ዶላር ካርትሪጅ፣ በትክክል ከታሰረ የ100 ዶላር ካርትሪጅ የከፋ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ለገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ለሸክላውም ነው።

ለምርጫ የሚረዱ ቁም ነገሮች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የካርትሪጁ ዓይነት ነው። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ከሦስት እስከ አምስት ሚሊቮልት ያህል ይሰጣል፤ ከተለመደው የሸክላ ማጫወቻ ማጉያ ጋር ይግባባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መርፌው ሲያረጅ በእጅ ተስቦ ይወጣና በሌላ ይተካል። የሽቦ ጥቅሉ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ግን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊቮልት የማይበልጥ ነው፤ ያን ጊዜ ከፍ ያለ ማጉያ ይፈልጋል፤ መርፌው ሲያልቅም ካርትሪጁ በሙሉ ይለወጣል ወይም ወደ ሠሪው ይላካል። ለቤት አድማጭ ሁለቱም ያስኬዳሉ። የውጭ ምንዛሪ ችግር ላለበት የቅርስ ሥራ ግን መርፌው የሚለወጠው ዓይነት ብልህ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው የክንዱና የካርትሪጁ ጋብቻ ነው። እያንዳንዱ ካርትሪጅ የራሱ ተጣጣፊነት፣ እያንዳንዱ ክንድ የራሱ ክብደት አለው። ሁለቱ ሲገናኙ አብረው የሚወዛወዙበት አንድ ነጥብ ይፈጠራል። ይህ ነጥብ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ንዝረት መካከል ቢውል ይመረጣል። ከዚያ ከወረደ የተጣመመ ሸክላ ሁሉ ክንዱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ በጣም ከወጣ ወደ ሙዚቃው ወፍራም ድምፅ ይጠጋል። ለምሳሌ ክንዱ፣ ካርትሪጁና ብሎኖቹ በአንድነት 20 ግራም ቢሆኑና የካርትሪጁ ተጣጣፊነት 12 ቢሆን ነጥቡ 10 አካባቢ ይውላል፤ ደኅና ጋብቻ ነው። በዚያው ክንድ ላይ ተጣጣፊነቱ 30 የሆነ ካርትሪጅ ቢታሰር ግን ወደ 6 ተኩል ይወርዳል። ውዱ ካርትሪጅ ያለቦታው ገባ ማለት ይህ ነው። አንዳንድ የጃፓን አምራቾች ይህን ቁጥር የሚለኩት በሌላ መለኪያ በመሆኑ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ማወዳደርም ያሳስታል።

ሦስተኛው የመርፌዋ ጫፍ ቅርጽ ነው። ክብ ጫፍ ርካሽና ታጋሽ ነው፤ ሞላላ ጫፍ ይበልጥ ያነባል፤ ሺባታና መሰል ረቂቅ ጫፎች ደግሞ የቦዩን ግድግዳ በረጅሙ ይነካሉ። ለድሮ ሸክላ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ለ40 ዓመት በክብ መርፌ የተፋቀ ቦይ የተጎዳው መርፌዋ በነካችው ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ብላ የምትነካ ሌላ መርፌ ያልተነካ ግድግዳ ልታገኝ ትችላለች። የቅርስ ድምፅ የሚቀዱ ባለሙያዎች አንድ ሳይሆን ብዙ መርፌ ይዘው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ለአንድ ሸክላ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

አራተኛው የሸክላው ዘመን ነው። የ78 ዙር ሸክላ ቦይ ሰፊ ስለሆነ 75 ማይክሮን ገደማ ጫፍ ያላት ወፍራም መርፌ ይፈልጋል። የ45ቱና የ33ቱ ዙር ቦይ ጠባብ ነው፤ ለሞኖዎቹ 25፣ ለስቴሪዮዎቹ 18 ማይክሮን ገደማ ይበቃል። በቀጭኗ መርፌ የ78ቱን ማጫወት መርፌዋን ከቦዩ ሥር ቆሻሻ ውስጥ ይጥላታል፤ በወፍራሟ የ45ቱን ማጫወት ደግሞ ሸክላውን ያበላሸዋል። በሞኖ የተቀዳ ዘፈን ድምፁ ያለው በጎን ንቅናቄ ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው ንቅናቄ አቧራና ጭረት ነው። ስለዚህ ሞኖ ካርትሪጅ፣ እርሱም ከሌለ ሁለቱን መስመር የሚያዋህድ ማጉያ፣ ከጭርጭርታው ብዙውን ያለ ኮምፒውተር ያስወግዳል።

በእነዚህ አራት ነገሮች ሲመዘን ለኢትዮጵያ ሸክላዎች የሚበጀው የከበረ ድንጋይ የለበሰው ካርትሪጅ አይደለም። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95 ያለ፣ አንድ አካል ላይ ክብም፣ ሞላላም፣ ሺባታም፣ የ78 መርፌም እየተለዋወጠ የሚገባበት ዓይነት የቅርስ ሥራውን ትልቁን ክፍል ይሸፍናል። ከባድ ክንድ ያለው ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጃፓን ብሔራዊ ሬዲዮ ሲያገለግል የኖረውን ዴኖን ዲኤል 103 ሊያስብ ይችላል። ክብ ጫፍ ያለው፣ በሁለት ግራም ተኩል የሚጫን፣ ለስርጭት ሥራ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ዕቃ ነው። ውድ ካርትሪጅ የሚገዛበት ቦታ ቢኖር፣ ይህ ሁሉ መሠረት ከተሟላ በኋላ፣ ለአንድ ብርቅዬና ንጹሕ ሸክላ የመጨረሻ ቅጂ ነው።

ማሰር አንድ ነገር ነው፣ ማስተካከል ሌላ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በካርትሪጅ ሥራ ያፈሰሱት አይለቀምም፤ የተሰበረ ዘንግ አይቀጠልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግድ ነው።

መጀመሪያ ማጫወቻው በውኃ ልክ ይስተካከል። ያዘነበለ ማጫወቻ ላይ የሚሠራ ልኬት ሁሉ ያዘነበለ ነው። ቀጥሎ የመርፌዋ መከለያ እንዳለ ሆኖ አራቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ይገናኙ፦ ነጭና ሰማያዊ ለግራ፣ ቀይና አረንጓዴ ለቀኝ። ሁለቱ ብሎኖች ካርትሪጁ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ ይጥበቁ፤ ገና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ከዚያ ክብደቱ ይለካል። በክንዱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን አያዋጣም። ወርቅ ቤቶች እንደሚጠቀሙበት ያለ፣ የግራም መቶኛን የሚለካ ትንሽ የዲጂታል ሚዛን ይበቃል፤ ነገር ግን ሳሕኑ ማግኔት የሚስበው ብረት መሆን የለበትም፤ ካርትሪጁን ስቦ ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ለሸክላው አዝኖ ክብደቱን ከተባለው በታች ያደርገዋል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። የቀለለች መርፌ በጮኸ ድምፅ ላይ ከቦዩ ግድግዳ እየተነሣች ትወድቃለች፤ በወደቀች ቁጥር ግድግዳውን ታቆስላለች። አምራቹ ከፈቀደው ውስጥ ከመሐሉ ወደ ላይ ጠጋ ማለት ከሥሩ ከመውረድ ይሻላል።

ቀጥሎ አቅጣጫው ይስተካከላል። ሸክላው ሲቆረጥ መቁረጫው ቀጥ ባለ መስመር ይጓዛል፤ የቤት ማጫወቻ ክንድ ግን እንደ በር በአንድ ማጠፊያ ላይ ይዞራል። ስለዚህ መርፌዋ ከቦዩ ጋር ፍጹም የምትገጥመው በሁለት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1938፣ ቤርዋልድ በ1941 ሂሳቡን ሠርተውታል፤ በቤርዋልድ ስሌት ነጥቦቹ ከሸክላው መሐል 66 እና 121 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ይውላሉ። ይህ ለትልቁ ሸክላ የተመቸ ነው። የ45 ዙር ነጠላ ሸክላ ግን የሚያልቀው ከመሐሉ 54 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ነው። የዘፈኑ ማለቂያ በዚያ ጠባብ ቦታ ይታጨቃል፤ በመጀመሪያው ዳር በሰከንድ 40 ሴንቲሜትር የነበረው የቦይ ርዝመት መጨረሻው ላይ ወደ 25 ይወርዳል። ስቲቨንሰን በ1966 ያወጣው አቀማመጥ የውስጠኛውን ነጥብ ወደ 60 ሚሊሜትር ያስጠጋል። አብዛኛው ቅርስ በነጠላ ሸክላ ላይ ላለበት አገር ይህ ልዩነት ሊታሰብበት ይገባል።

በአማርኛ ዘፈን ይህ የጆሮ ቅምጥልነት አይደለም። መርፌዋ ስትንጋደድ መጀመሪያ የሚበላሹት «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ»፣ «ጨ» ናቸው፤ ዘፋኙ የሚተፋ ይመስላል። ተነባቢ ከተነባቢ የሚለየው በቀጫጭኑ ድምፅ ነው። «ጠፋ» እና «ተፋ» በአንድ ፊደል ይለያያሉ። ግጥሙ በሰምና ወርቅ በተሠራበት ሙዚቃ አንዲት ፊደል ከተበላች ወርቁ አብሮ ይበላል። ያንን ቅጂ የሚሰማ የነገ ተመራማሪም የተሳሳተ ግጥም ጽፎ ያስተላልፋል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ይቀራሉ። ክንዱ ከሸክላው ገጽ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ከኋላው መነሣትና መውረዱ መርፌዋ ቦዩን የምትነካበትን ማዕዘን ይለውጣል። ካርትሪጁ ከፊት ሲታይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያዘንብል፤ ያዘነበለ እንደሆነ አንደኛው ግድግዳ ይጎዳል፣ ድምፁም ወደ አንድ ወገን ያደላል። በመጨረሻም ክንዱን ወደ መሐል የሚስበው ኃይል በተቃራኒው መያዣ ይመጣጠን፤ አለዚያ መርፌዋ የውስጠኛውን ግድግዳ እየተጫነች ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ካለቀ ክብደቱ ዳግመኛ ይለካል፤ አንዱን መንካት ሌላውን ያነቃንቃልና።

ፍጥነቱም አይዘንጋ። ሦስት በመቶ የፈጠነ ማጫወቻ ድምፁን ወደ ግማሽ ሴሚቶን ከፍ ያደርገዋል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከአሮጌ ቅጂ ለሚያጠና ሰው ይህ የቅኝት ጥናቱን መሠረት የሚያናጋ ስሕተት ነው። የነጠላ ሸክላ ሰፊ ቀዳዳም በተስተካከለ ማጥበቢያ ካልታሰረ ሸክላው ከመሐሉ እየወጣ ድምፁን ያወዛውዘዋል።

«ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ»

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዘፈኖቹ ዩቲዩብ ላይ ስላሉ ሸክላው ሥራውን ጨርሷል የሚል ነው። እዚያ የሚገኘው ቅጂ ከካሴት የተገለበጠ፣ ፍጥነቱ የተዛባ፣ መጨረሻው የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ከየትኛው ሸክላ፣ በምን መርፌ እንደተቀዳም የሚነግር የለም። የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ስላለ ብራናው ይቃጠል የሚል ሰው የለም፤ ለሸክላም እንዲሁ ሊታሰብ ይገባል።

ሁለተኛው፣ መርፌ ሳይነካው በብርሃን የሚያነብ መሣሪያ ስላለ መርፌ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጃፓን ውስጥ በሌዘር የሚያነብ ማጫወቻ ተሠርቷል፤ አሜሪካ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራም የቦዩን ምስል አንሥቶ ድምፁን የሚያወጣ ዘዴ አለ። የተሰበረን ሸክላ ለማንበብ ይህ ተአምር ነው። ሌዘሩ ግን አቧራውንም እንደ ሙዚቃ ያነበዋል፤ መሣሪያዎቹም ውድና ብርቅ ናቸው። እነርሱን እየጠበቁ ያለውን ሸክላ ባረጀ መርፌ ማስፈጨት፣ ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻን ማሳደግ ነው።

ሦስተኛውና ክብደት ያለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከብዷል። ነገር ግን ሂሳቡ በትክክል ይሠራ። አንድ ተቋም «ዲጂታል እናደርጋለን» ብሎ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያስበው ኮምፒውተር፣ ሰርቨርና ሶፍትዌር ነው፤ መርፌዋ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ብትገኝ ነው። የድምፅ ቅርስ ጠባቂዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ24 ቢት፣ በሰከንድ በ96 ሺህ ናሙና እንዲቀዳ ይመክራል። ምክሩ ጥሩ ነው። ከተበላ መርፌ የመጣን ድምፅ በ96 ሺህ ናሙና መቅዳት ግን ጉዳቱን በከፍተኛ ጥራት መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። የመርፌዎቹ፣ የሚዛኑና የአቅጣጫ መለኪያው ወጪ ከአንድ ሰርቨር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የሸክላ ክምችት ያለው ተቋም ሁሉ አንድ ደኅና ማጫወቻ፣ በየዘመኑ ሸክላ የሚመጥኑ አራት ወይም አምስት መርፌዎች፣ አንድ አጉሊ መነጽርና ይህን ሥራ ሥራዬ የሚል አንድ የሠለጠነ ሰው ይኑረው። እያንዳንዱ መርፌ ስንት ሰዓት እንደሠራ በመዝገብ ይጻፍ። እያንዳንዱ ቅጂ ሲቀመጥ ከየትኛው ሸክላ፣ በየትኛው መርፌ፣ በስንት ግራም እንደተነበበ አብሮ ይመዝገብ። ዘፈኑ ሲቀዳ ሸክላው ከመጫወቱ በፊት ይታጠብ፤ አቧራ ላይ የምትሄድ መርፌ አሸዋ ላይ እንደምትሄድ ናት። ለ45ቱና ለ33ቱ የተጣራ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ መሐል ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ ይጠበቅ። የ78ቱ ግን አልኮል በምንም ዓይነት እንዳይነካው፤ የተሠራበትን ሙጫ ያሟሟዋል።

ሸክላ በቤቱ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ሦስት ነገር ቢያደርግ ብዙ ያተርፋል፦ ሸክላውን ደርድሮ ከመከመር አቁሞ ማስቀመጥ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ማራቅ፣ መርፌው መቼ እንደተለወጠ የማይታወቅ ማጫወቻ ላይ አለማስቀመጥ። ካፌዎችና ሆቴሎች ለእንግዳ ማጫወት ከፈለጉ አዲስ የታተሙትን ቅጂዎች ገዝተው ያጫውቱ፤ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹን ዋና ቅጂ ግን ለቅጂ ሥራ ይተዉት። በውጭ አገር ያለው ወገንም አባቱ ይዞ የወጣውን ሸክላ ከመሸጡ በፊት አንድ ጊዜ በደኅና መርፌ አስቀድቶ ቅጂውን ቢያስቀር፣ ሸክላው ቢሄድ እንኳ ድምፁ ይቀራል።

ስለ ባለቤትነቱና ስለ ገንዘቡ የሚደረገው ክርክር ይቀጥል፤ ፍርድ ቤትም፣ ሕግ አውጪም፣ አርቲስቱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ያ ክርክር ተቋጭቶ ባለመብቱ መብቱን ሲረከብ ግን የሚረከበው ነገር መኖር አለበት። ዛሬ ማታ በሆነ ሳሎን፣ በሆነ ካፌ፣ ባረጀ መርፌ አንድ ጊዜ የሚጫወት ሸክላ ነገ ጠዋት ከዛሬው ያነሰ ድምፅ ይዞ ያድራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቅጠሏም ከሁለት ግራም ተኩል የማትበልጥ ክብደት ትክክለኛ መሆኗን ማረጋገጥ ናት።